ዶክተር አክሊሉ ለማና እንዶድ የሚወቅጡት ሴቶች

እንዶድ በመተማ ቆላ አይበቅልም፤ አገሩ ወይና ደጋና ደጋ ነው። ሆኖም ከጭልጋ፣ ከዳባት ወይም ከጎንደር ወርዳ እዚህ ጎጆ የወጣች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ በውሃ ሲመታ አረፋ እንደሚያወጣ፣ ጋቢና ነጠላም እንደሚያነጣ ከእናቷ አይታለች። ይህ የእናቶች እውቀት በአንድ ሰው ምክንያት ወደ ሳይንስ መድረክ ወጣ። ሰውየው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ሲመለሱ የያዙት ሥራ የቢልሃርዚያ ጥናት ነበር። ቢልሃርዚያ ከትል የሚመጣ በሽታ ነው። የትሉ እንቁላል ከታመመ ሰው ሰገራ ወይም ሽንት ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል፤ የተፈለፈለው በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣል፤ ከዚያም ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ልብስ የምታጥበው፣ ውሃ የምትቀዳው ሴትና የሚዋኘው ልጅ ቀድመው ይያዛሉ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ቀንድ አውጣ ፍለጋ ዓድዋ ወረዱ። በአንድ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከእነሱ በታች ባለው ውሃ የሞተ ቀንድ አውጣ ተከማችቶ አዩ፤ ከበላያቸው ያለው ግን በሕይወት ነበር። ሌላ ሰው አይቶ ያልፈው ነበር። እሳቸው ግን ሕያው ቀንድ አውጣ ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርበት ለመኑ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ሥራቸው ሁሉ ከዚህ ፍሬ ጋር ተሳሰረ። እ.ኤ.አ. በ1966 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ተቋም መሠረቱ። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ ወንዞች እንዶድ እየተጨመረ ሲሞከር በትንንሽ ልጆች ላይ የነበረው ቢልሃርዚያ ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። በአሜሪካ የተደረገ የኬሚስትሪ ምርመራም በፍሬው ውስጥ ካሉት ገዳይ ንጥረ ነገሮች አንዱን ለይቶ በስማቸው ለማቶክሲን አለው።

ነገር ግን መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። የውጭ ፋብሪካ የሚሸጠው የቀንድ አውጣ መግደያ እጅግ ውድ ነበር፤ እንዶድ ግን ደጅ ላይ የሚበቅል የድሃ ሀብት ነው። ያም ሆኖ ትልልቆቹ የዓለም ድርጅቶች በአፍሪካ የተሠራውን ምርመራ ብቻ አይተው አልተቀበሉም። ፍሬው ሰውንና አካባቢን እንደማይጎዳ በውጭ ላቦራቶሪ ይረጋገጥ ተባለ፤ ለዚያ ደግሞ ገንዘብ አልነበረም። ዓመታት ካለፉ በኋላ የካናዳ መንግሥት የምርምር ድርጅት ረዳቸው። የእርሻ ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በበኩላቸው ጥሩ ፍሬ የሚሰጠውን የእንዶድ ዘር መርጠው አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አብረው ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ዐረፉ።

አንድ ነገር ግን ያሳዝናል። በ1990ዎቹ በአሜሪካ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ በዚያ አገር የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ዛጎል ለበስ እንስሳን እንደሚገድል ተረጋግጦ ዩኒቨርሲቲው የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በዓድዋ ወንዝ ዳር አረፋውን የጨመረችው ሴት ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ ስሟ የለም።

ለእኛ ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአጎራባቻችን ሳንጃ በተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ቢልሃርዚያ በብዛት እንዳለ አሳይተዋል። እኛም የምናጥበው፣ ልጆቻችንም የሚዋኙት በሽንፋና በጓንግ ነው። እንዶድ ቀንድ አውጣን ይገድላል እንጂ የታመመን ሰው አያድንም፤ ቢጠጣ መርዝ ነው። መድኃኒቱ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ነው። የዋጥነውን መድኃኒት ሰባብረው የሚያስወግዱት በጉበት ያሉ ኢንዛይሞች ናቸው፤ ቢልሃርዚያ ሲቆይ የሚጎዳውም ጉበትን ነው። ስለዚህ ልጅ ሆዱ እስኪነፋ መጠበቅ አይገባም።

ዶክተር አክሊሉ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ግን ወንዝ ዳር ቆመው አጣቢ ሴት ለመጠየቅ አላፈሩም። እህቶች ሆይ፣ እኛም የምናውቀውን አንናቅ። በማኅበራችን ስብሰባ እንናገረው፣ እናጽፈው፣ የተናገረችውንም ሴት ስም አብረን እንጻፍ።