ዮሴፍ ፍራውንሆፈር፤ ከዋክብትን ያቀረበ የመስተዋት ሠራተኛ

በኮምፒዩተር የሚመራ ቴሌስኮፕ ያለው ሰው በመጀመሪያ የመሣሪያውን ሦስት እግር በደልዳላ መሬት ላይ አቁሞ በውሃ ልክ ያስተካክለዋል። ቀጥሎ ቀኑን፥ ሰዓቱንና የቆመበትን ቦታ ይነግረዋል። ከዚያም አንድ የታወቀ ብሩህ ኮከብ፥ ከእርሱም ራቅ ያለ ሁለተኛ ኮከብ፥ በመነጽሩ መካከል አድርጎ ያሳየዋል። መሣሪያው በነዚህ በሁለቱ አቅጣጫውን ካወቀ በኋላ ሌሎቹን ከዋክብት በሞተሩ ኃይል ፈልጎ ያገኛል፤ ያገኘውንም እየተከተለ ከዓይን አያጠፋውም። ይህን የሚያይ ሰው ጥበቡ ሁሉ የኮምፒዩተሩ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ኮምፒዩተር ከመሠራቱ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ፥ ታላቅ ቴሌስኮፕ ኮከብን በሰዓት መዘውር እንዲከተል በሚገባ ያደረገ አንድ ድኻ አደግ ነበረ። እርሱም ዮሴፍ ፍራውንሆፈር ነው።

ፍራውንሆፈር የተወለደው በጀርመን አገር በባቫርያ ግዛት፥ ስትራውቢንግ በምትባለው ከተማ፥ ማርች 6 ቀን 1787 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።) አባቱ የመስተዋት ሠራተኛ ነበረ፤ ዮሴፍም ለወላጆቹ ዐሥራ አንደኛ ልጅ ነበረ። ገና በ11 ዓመቱ እናትና አባቱን አጣ። ዘመዶቹም ለማሳደግ ዐቅም ስላልነበራቸው በሙኒክ ከተማ ለሚኖር አንድ የመስተዋት ባለሙያ ሰጡት። ውሉም ያለ ደመወዝ ስድስት ዓመት እንዲያገለግል ነበረ። ጌታው መጽሐፍ እንዲያነብ አይፈቅድለትም ነበርና፥ ልጁ የእውቀት ረኃብ እያሠቃየው መስተዋት ሲፈትግ ይውል ነበር።

ጁላይ 21 ቀን 1801 ዓ.ም. የጌታው ቤት ድንገት ተደረመሰ። የጌታው ሚስት ሞተች፤ ዮሴፍም ከፍርስራሹ ሥር ተቀበረ። ሰዎች ብዙ ሰዓት ደክመው በሕይወት አወጡት። የባቫርያ ገዥ የነበረው መስፍን ማክሲሚሊያን ዮሴፍ ሊያይ ወደ ቦታው መጥቶ ነበርና፥ በልጁ መትረፍ ደስ ብሎት 18 የወርቅ ዱካት ሰጠው። ኡትስሽናይደር የሚባለውም ባለጸጋ የሒሳብና የብርሃን ትምህርት መጻሕፍት አመጣለት። እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም እንደሚባለው፥ ሊገድለው የነበረው አደጋ የትምህርት በር ከፈተለት።

ወርቁን እንደ ልጅ በጨዋታ አልጨረሰውም፤ የተቀበለውንም መክሊት አልቀበረም። በገንዘቡ የመስተዋት መፈተጊያ መኪና ገዛ፤ የቀረውንም የአገልግሎት ዘመን ከጌታው ተቤዠበት። ከዚያም ስም የሚጻፍባቸውን ካርዶች በመቅረጽ ሊተዳደር ሞከረ፤ ነገር ግን ገበያ ስላላገኘ ተመልሶ ወደ ቀድሞው ጌታው ቤት ገባ። ቢሆንም ሌሊት ሌሊት ማጥናቱን አልተወም።

በ1806 ዓ.ም. ኡትስሽናይደርና ባልንጀሮቹ ባቋቋሙት የመሣሪያ ሥራ ቤት ተቀጠረ። ጥቂት ቈይቶም ቀድሞ የመነኮሳት ገዳም ወደነበረው ወደ ቤኔዲክትቦየርን ሄዶ መስተዋት የማቅለጡንና ሌንስ የመሥራቱን ጥበብ ያዘ። በዚያ ዘመን ትልልቅ ሌንሶች የአየር አረፋና ጅማት የመሰለ መሥመር ስለሚገኝባቸው ኮከቡን ያደበዝዙት ነበር። እርሱ ግን በግምት መሥራትን ጠላ፤ እያንዳንዱ መስተዋት ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጥፍ ለመለካት ተነሣ። በ1814 ዓ.ም. ይህን ሲመረምር በፀሐይ ብርሃን ኅብረ ቀለም ውስጥ ጥቁር መሥመሮች ተሰልፈው አየ። ቦታቸው የማይለወጥ መሆኑን ተረድቶ ከ570 በላይ መሥመሮችን ቈጠረ፤ ለመለኪያውም ምልክት አደረጋቸው። በ1859 ዓ.ም. ኪርሽሆፍና ቡንዘን የሚባሉ ሊቃውንት የነዚያን መሥመሮች ምሥጢር ገለጡ። በመሥመሮቹ አማካይነት የፀሐይና የከዋክብት አካል ከምን ከምን ንጥረ ነገር እንደ ተሠራ ማወቅ ተቻለ።

ከሥራዎቹ ሁሉ ታላቁ በ1824 ዓ.ም. ለዶርፓት ከተማ የሠራው ቴሌስኮፕ ነው። ይህች ከተማ ዛሬ ታርቱ ተብላ በኤስቶንያ ትገኛለች። የሌንሱ ስፋት 24 ሳንቲሜትር፥ የቱቦውም ርዝመት ከ4 ሜትር በላይ ነበረ። ሰማዩ የሚዞር የሚመስለን ምድር በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ያህል አንድ ጊዜ በዘንግዋ ላይ ስለምትዞር ነው። ስለዚህ ኮከቡ ወዲያው ከመነጽሩ ሸሽቶ ይወጣል፤ ተመልካቹም እያሳደደ በትክክል ሊለካው አይችልም። መድኃኒቱ ቴሌስኮፑ የሚዞርበትን ዋናውን ዘንግ ከምድር ዘንግ ጋራ ትይዩ አድርጎ ማቆም ነው። ያን ጊዜ በአንዱ ዘንግ ብቻ ማዞር ይበቃል። እንዲህ ያለው አቋቋም ከእርሱ በፊትም ይታወቅ ነበር። ፍራውንሆፈር ግን ቀስ እያለ በሚወርድ ክብደት የሚነዳ የሰዓት መዘውር ገጠመለት፤ ሚዛኑንም አስተካክሎ ያን ከባድ መሣሪያ በጥቂት ግፊት የሚንቀሳቀስ አደረገው።

የዘንጉ ዝንባሌ ከቦታው ኬክሮስ ጋራ እኩል መሆን አለበት። ይህም በዶርፓት 58 ዲግሪ ያህል ሲሆን፥ በአዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእኛ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ብዙም ሳይርቅ በእንጦጦ በኩል ዝቅ ብሎ ይታያል።

የዶርፓቱ ሊቅ ስትሩቨ በዚህ መሣሪያ ሰማዩን መርምሮ ከ3,000 በላይ ጥንድ ከዋክብትን መዘገበ። ቤሰልም በፍራውንሆፈር ሥራ ቤት በተሠራ መሣሪያ በ1838 ዓ.ም. የአንድን ኮከብ ርቀት ለካ። ጋለ የሚባለው የበርሊን ሊቅ በ1846 ዓ.ም. ኔፕቱን የተባለውን ፕላኔት ያየው እንዲሁ ከዚያው ሥራ ቤት በወጣ ቴሌስኮፕ ነው።

ፍራውንሆፈር ግን ይህን ሁሉ ፍሬ ለማየት አልታደለም። በባቫርያ የሳይንስ አካዳሚ አባል እንዲሆን በታሰበ ጊዜ፥ ዩኒቨርሲቲ ያልገባ የእጅ ሠራተኛ ነው ብለው የተቃወሙት ነበሩ። በአገራችንም ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው ሲናቅ እንደ ኖረ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ኋላ ግን አባልነቱንም፥ በ1824 ዓ.ም. ደግሞ የመኳንንትን ማዕርግ አገኘ። ጁን 7 ቀን 1826 ዓ.ም. በሳንባ ነቀርሳ በ39 ዓመቱ ዐረፈ። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። በመቃብሩ ላይም ከዋክብትን እንዳቀረበ የሚመሰክር ቃል በላቲን ተጻፈለት።

ዛሬ በእንጦጦ ተራራ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ወደፊት እንዲህ ያለ መሣሪያ በእጃችን ቢገባ፥ ኮምፒዩተሩ የሚሠራው በተነገረው መሠረት መሆኑን አንርሳ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 20 ብሎ መጻፍ ሲገባው በአገራችን አቈጣጠር 2 ብሎ የጻፈ ሰው፥ ሰማዩ በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ስለሚዞር፥ ቴሌስኮፑ በ90 ዲግሪ ይስትበታል። መኪናው ያግዛል እንጂ ስለ እኛ አያውቅም። ፍራውንሆፈር ብልሃቱን ያገኘው በመለካትና በትዕግሥት ነው። ይህንም ያደረገው አንድ ሰው በጊዜው መጽሐፍ ስለ ሰጠው ነው። ከትምህርት ቤታችን ስንወጣ፥ መጽሐፍ ያጣ አንድ ልጅ ባየን ጊዜ ይህን እናስብ።