የቤንጃሚን ፍራንክሊን ሕይወትና የምድጃው በር

ብዙ ሰው ቤንጃሚን ፍራንክሊንን የሚያውቀው በመብረቅ ነው። እኔም ስሙን መጀመሪያ የሰማሁት በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ኤሌክትሪክ ስንማር ነበር። የሕይወት ታሪኩን ፈልጌ እንዳነብ ያደረገኝ ግን መብረቅ ሳይሆን የቤታችን የከሰል ምድጃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት፣ በሐምሌ ወር፣ እዚህ አምቦ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አኮ ብለን የምንጠራት አያታችን ብርድ ጠናባት። ቡና የተፈላበትን ምድጃ ወደ መኝታዋ አስገባሁላት። ከሰሉ ቶሎ እንዳያልቅ ብዬ የምድጃውን የታች በር ዘጋሁ፤ ፍሙንም በአመድ ሸፈን አደረግሁት። ነፋስ እንዳይገባባት ደግሞ መስኮቱንና በሩን ገጠምሁ። ከሰሉ ጢስ አልነበረውም፤ ስለዚህ ክፉ ነገር ያለበት አልመሰለኝም። እኩለ ሌሊት ላይ እናቴ የአኮን ማቃሰት ሰምታ በሩን ስትከፍት አያቴ ራሷን ይዛ፣ አቅለሽልሿት፣ መቆም አቅቷት አገኘቻት። ተሸክመን ወደ በረንዳ አወጣናት፤ ሲነጋም ሐኪም ቤት ወሰድናት። እግዚአብሔር ይመስገን ዳነች። ከዚያ ወዲህ ስለ እሳትና ስለ አየር የመረመረ ሰው ስፈልግ ያገኘሁት ፍራንክሊንን ነው። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፍራንክሊን በጃንዋሪ 17 ቀን 1706 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ተወለደ። በዚያን ጊዜ አገሩ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ትተዳደር ነበር። አባቱ ሻማና ሳሙና እየሠራ የሚሸጥ፣ 17 ልጆች የወለደ ሰው ነበር፤ ቤንጃሚንም 15ኛው ልጅ ነው። የአባቱ አቅም ስላልፈቀደ በትምህርት ቤት የቈየው ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። በ12 ዓመቱ በታላቅ ወንድሙ በጄምስ ማተሚያ ቤት ሥራ ለመማር ገባ። ቀን ፊደል እየለቀመ ሌሊት የተዋሰውን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ከወንድሙ ጋር ስላልተስማማ ግን በ1723፣ ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ኰብልሎ ፊላዴልፊያ ገባ። በዚያም ከብዙ ድካም በኋላ የራሱን ማተሚያ ቤት አቋቋመ፤ በ1729 ጋዜጣ ገዝቶ ማሳተም ጀመረ፤ በ1731 ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ቤተ መጻሕፍት ከፈተ።

የፊላዴልፊያ ሰው በእሳት አደጋ ይጨነቅ ነበር። ስለዚህ ፍራንክሊን በ1735 በጋዜጣው ላይ፣ ፍም በአካፋ ሞልቶ ከክፍል ወደ ክፍል መውሰድ ቤት እንደሚያቃጥል፣ የግድ ከሆነም በተከደነ ዕቃ እንዲያዝ መከረ። ይህን ሳነብ በሠፈራችን እሳት ለመጫር ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በገል ፍም ይዘን የምንሮጠውን አስታወስሁ። ፍራንክሊን መክሮ ብቻ አልቀረም። በ1736 የከተማው ሰዎች ባልዲና ከረጢት ይዘው እሳት ለማጥፋት የሚረዳዱበትን ማኅበር መሠረተ።

በዚያ አገር ክረምቱ እጅግ ቀዝቃዛ ነው። ሰዎች በግድግዳ ውስጥ በተሠራ ሰፊ ምድጃ ብዙ እንጨት ያነዱ ነበር፤ ነገር ግን ሙቀቱ በጢስ መውጫው እየበረረ ይጠፋ ስለ ነበር ፊታቸው ሲነድ ጀርባቸው ይበርዳቸው ነበር። ፍራንክሊን በ1740ዎቹ መጀመሪያ ከብረት የተሠራ ምድጃ አወጣ። በምድጃው ውስጥ ባዶ የብረት ሣጥን አለ፤ ከውጭ የሚመጣ ንጹሕ አየር በሣጥኑ ውስጥ ሲያልፍ ሞቆ ወደ ክፍሉ ይገባል። ጢሱ ደግሞ በሣጥኑ ላይ አልፎ፣ ከበስተጀርባው ወርዶ፣ በወለሉ ሥር ወደ ጢስ መውጫው ይሄዳል። የአየሩን ስበት ለመግታትና ለመልቀቅ የሚንሸራተት ብረት ነበረው። በ1744 አሠራሩንና አያያዙን የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ።

የግዛቱ አስተዳዳሪ ምድጃውን ለብቻው የመሸጥ መብት ሊሰጡት ፈለጉ። ፍራንክሊን ግን እኛ በሌሎች ሰዎች ፈጠራ እንደምንጠቀም ሁሉ የእኛንም በነጻ መስጠት ይገባናል ብሎ እምቢ አለ። በኋላ በሎንዶን አንድ ብረት ሠራተኛ ጥቂት ለውጦ መብቱን ለራሱ ወስዶ ገንዘብ አገኘበት።

ይሁን እንጂ ምድጃው ጉድለት ነበረው። ጢስ ሙቅ ስለ ሆነ ወደ ላይ መውጣት እንጂ ወደ ታች መውረድ ባሕርዩ አይደለም። እሳቱ ሲደክም ወይም የጢስ መውጫው ሲቀዘቅዝ ጢሱ ወደ ቤት ይመለስ ነበር። ፍራንክሊን ግን ምርምሩን አልተወም። በ1758 በሎንዶን ሳለ በጢስ መውጫው ጉሮሮ ላይ እየተሳበ የሚከፈትና እየተገፋ የሚዘጋ የብረት ሳንቃ አበጀ፤ በጥቂት ከሰልም ክፍሉን ማሞቅ ቻለ። በ1771 ደግሞ ነበልባሉ ወደ ታች እየተሳበ የድንጋይ ከሰሉን ጢስ ራሱን የሚያቃጥል ሌላ ምድጃ ሠራ።

በመካከሉ የሠራው ሌላው ሥራ ብዙ ነው፤ እዚህ በአጭሩ አልፈዋለሁ። በ1752 በዝናብ ደመና ሥር ካይት አብርሮ መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑን ለማሳየት ሞከረ። በ1776 የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ካዘጋጁት አንዱ ሆነ፤ ከዚያም በፈረንሳይ አገር የአገሩ መልእክተኛ ሆኖ ቈየ። በ1787 ሕገ መንግሥቱ ሲጻፍ ከፈረሙት ሰዎች በዕድሜ የሚበልጠው እርሱ ነበር። ዘመኑን ሁሉ ግን ያለ ነቀፋ አልኖረም። እርሱ ራሱ ባሪያዎች ነበሩት። በሽምግልናው ወራት ግን ባርነትን የሚቃወም ማኅበር መሪ ሆኖ፣ በ1790 ባርነት እንዲቀር ለአገሩ ምክር ቤት አቤቱታ አቀረበ።

ለእኔ ትልቁን ትምህርት የሰጠኝ በ1785 ወደ አገሩ ሲመለስ በመርከብ ላይ የጻፈው ደብዳቤ ነው። በደብዳቤው ቤት በጢስ የሚታፈንባቸውን ዘጠኝ ምክንያቶች ቈጠረ። የመጀመሪያው የአየር እጦት ነው፤ በርና መስኮቱ ጥብቅ አድርጎ ከተዘጋ አዲስ አየር ስለማይገባ ጢሱም ሊወጣ አይችልም። የሚበቃውን አየር ለማወቅም እሳቱን አንድዶ በሩን መዝጋት፣ ከዚያም ጢሱ ወደ ላይ መውጣት እስኪጀምር ድረስ በሩን ቀስ በቀስ መክፈት እንደሚገባ አስረዳ። በሩ የተከፈተበት ክፍተት የአየሩን ልክ ያሳያል።

ፍራንክሊን በኤፕሪል 17 ቀን 1790 በ84 ዓመቱ አረፈ። አያቴን ያፈናት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ምንነት የታወቀው ከእርሱ ሞት በኋላ በ1800 ነው። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ስለሚጣበቅ ሰውነታችን አየር እያለ አየር ያጣል። የምድጃው የታች በር ሲዘጋ ወይም በአመድ ሲደፈን ከሰሉ በሚገባ አይቃጠልም፤ ጋዙም ይበዛል። በሩ ቢከፈትም፣ ፍሙ ቀይ ቢሆንና ጢስ ባይኖረውም፣ ጋዙ ጨርሶ አይጠፋም። የፍራንክሊን ምድጃ የጢስ መውጫ ነበረው፤ የእኛ ግን የለውም።

ስለዚህ በቤታችን ይህን ሥርዓት አውጥተናል። ከሰል የሚቀጣጠለው ደጅ ነው። ከማቀጣጠላችን በፊት የፍርግርጉን ቀዳዳዎችና የታችኛውን በር ከአመድ እናጸዳለን፤ በሙቀት ጠምሞ ራሱን የሚዘጋ ከሆነም እናቃናዋለን። ወጥ ስንሠራና ቡና ስናፈላ በርና መስኮት እንከፍታለን። ወደ መኝታ ክፍል ምድጃ ከቶ አይገባም። ራሱን ያመመው ሰው ካለ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ነፋስ ይወጣል፤ ከዚያም ሳይዘገይ ሐኪም ያየዋል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ፍራንክሊን የራሱን የሕይወት ታሪክ ሲጽፍ ጥፋቶቹን እንደ ማተሚያ ቤት ስሕተት ቈጥሮ በግልጽ አስቀምጧል። እኔም የማርመው ስሕተት አለኝ። አያቴ በታመመች ጊዜ እናቴ ከሰሉ ክፉ ነው ብላ፣ ከገጠር ከሰል ከምታመጣልን ሴት መግዛት ተወች። እኔ የምድጃውን በር መዝጋቴን እያወቅሁ ዝም አልሁ። ይህን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ግን ለአኮና ለእናቴ እውነቱን ነገርኋቸው። አኮ ሳቀችና ለእርሷ ብዬ እንዳደረግሁት ታውቅ እንደ ነበር ነገረችኝ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ በማግስቱ ገበያ ወርዳ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቀቻት፤ እኔንም አስከትላ ነው የሄደችው።

ውድ ጓደኞቼ፣ ክረምቱ ይመጣል። የጊንጪና የጀልዱ ልጆች የእናንተ ብርድ ከእኛ እንደሚብስ ታውቃላችሁ። ለታላላቆቻችን ብርድ ልብስ እንደርብላቸው እንጂ ምድጃ አናስገባላቸው።