ኤራስመስና የጨዋነት ፊደል

ኤራስመስ የተባለው ሊቅ በ1460ዎቹ ዓመታት በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ወላጆቹ በሕግ የተጋቡ አልነበሩም፤ ይህም በዚያ ዘመን ልጅን ዕድሜ ልኩን የሚያሳፍር ነገር ነበር። ገና በወጣትነቱ እናትና አባቱን ወረርሽኝ ስለ ነጠቀው አሳዳጊዎቹ ገዳም አስገቡት፤ በ1492ም ቅስና ተቀበለ። ልቡ ግን ከመጻሕፍት ዘንድ ስለ ነበረ ከገዳሙ ወጥቶ ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወረ በብዕሩ ኖረ።

ብዙዎች የሚያውቁት በ1516 በባዝል ከተማ ባሳተመው የግሪክኛ አዲስ ኪዳን ነው። እኔ ግን በእርጅናው ስለ ጻፋት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ልንገራችሁ።

ኤራስመስ ማተሚያ ቤትን እንደ ገዛ ቤቱ የሚያውቅ ሰው ነበረ። በ1508 በቬኒስ በአልዱስ ማኑትዩስ ማተሚያ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እሱ በአንድ ወገን ሲጽፍ፣ ፊደል ለቃሚዎቹ በሌላ ወገን ወረቀቱን እየተቀበሉ የእርሳስ ፊደሉን ይደረድሩ ነበር። ኋላም በባዝል ከአታሚው ከዮሐንስ ፍሮበን ጋር ተወዳጅቶ አያሌ መጻሕፍት አወጣ። በ1529 በከተማይቱ የሃይማኖት ሁከት ስለ ተነሣ ወደ ፍራይቡርግ ሄደ። (እግረ መንገዴን፦ በ1534 በፍራይቡርግ ቤቱ በእንግድነት የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ዳምያኦ ደ ጎይሽ፣ በ1540 የኢትዮጵያው መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ ስለ አገሩ እምነት የጻፈውን በሎቫን ያሳተመው ሰው ነው።)

ስለ ሕፃናት ጨዋነት የጻፋት መጽሐፍ በ1530 በላቲን ቋንቋ ከፍሮበን ማተሚያ ቤት ወጣች። ያበረከታትም ሄንሪ ለሚባል የመሳፍንት ልጅ ነበር። በውስጧ የዓይን አመለካከት፣ የልብስ ንጽሕና፣ በቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሥነ ሥርዓት፣ የጨዋታና የመኝታ ነገር ሁሉ አለ። አፍንጫን በልብስ መጥረግ ነውር ነው፤ ገበታ ሲቀርብ ቀድሞ እጅ መስደድ የስግብግብ ነው፤ ከሳሕን የሚነሣው በሦስት ጣት እንጂ በሙሉ እጅ አይደለም ይላል። አውሮፓም ያን ጊዜ በእጁ ይበላ ነበርና!

በቋንቋችን ጨዋ የሚለው ቃል የትውልድም የጠባይም ስም ነው። ኤራስመስ ግን ሁለቱን ለያቸው፤ ማንም ወላጁንና አገሩን መርጦ አይወለድም፣ ጠባዩን ግን ማንም ሊያበጅ ይችላል ብሎ አስተማረ። ይህን ለመስፍን ልጅ የጻፈው በትውልዱ ያፍር የነበረ ሰው መሆኑን ሳስብ፣ ለእኔ የመጽሐፏ ልብ እዚህ ላይ ነው። የሌላውን ጉድለት በትዕግሥት ማለፍንም ከጨዋነት ሁሉ አስበልጦታል።

መጽሐፏ ቶሎ ተስፋፋች፤ በ1532 በእንግሊዝኛ ተተርጉማ ወጣች፣ በየትምህርት ቤቱም ገባች። ኤራስመስ በሐምሌ ወር 1536 በባዝል ሞተ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን እሱም ያላሰበው ነው። በ1557 በሊዮን ከተማ ሮቤር ግራንዦን የተባለ ፊደል ቀራጭ፣ የፈረንሳይ ጸሐፊዎች በእጃቸው የሚጽፉትን ተዳፋት ጽሕፈት የሚመስል ፊደል አበጀ። ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል በብረት ጫፍ ላይ ተገልብጦ ይቀረጻል፣ ብረቱ በመዳብ ላይ ይመታል፣ በመዳቡ ላይ ከወጣው ቅርጽም የቀለጠ እርሳስ ፈስሶ ፊደሉ ይወጣል። ንጉሡ ዳግማዊ ሄንሪ ፊደሉን ለ10 ዓመት ሌላ ሰው እንዳይሠራው ፈቃድ ሰጠው።

ግራንዦን የፈረንሳይ ፊደል ብሎ ነበር የጠራው። ነገር ግን ጥቂት ቆይቶ የኤራስመስ መጽሐፍ ትርጉም በዚሁ ፊደል ይታተም ጀመር። ሕፃኑ አንዲቱን መጽሐፍ ይዞ ጠባይንም፣ ንባብንም፣ የእጅ ጽሕፈትንም በአንድነት ይማርባት ነበር። ፊደሉ ለለቃሚው አስቸጋሪ፣ ለአንባቢውም የተወሳሰበ ስለ ነበረ በሌሎች መጻሕፍት ላይ አልጸናም። በልጆች የጠባይ መጻሕፍት ላይ ግን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ዘለቀ፤ ሕዝቡም ግራንዦን ያወጣለትን ስም ትቶ ሲቪሊቴ፣ ማለት ጨዋነት፣ እያለ ጠራው።