መዝሙር የተዘመረለት የብር ሜዳሊያ

የኦሊምፒክን ታሪክ ባገላበጥኩ ቁጥር ፋሪድ ሲማይካ የሚለው ስም ላይ ሳልቆም አላልፍም። ሲማይካ እ.ኤ.አ. በ1907 የተወለደ ግብፃዊ የዳይቪንግ ስፖርተኛ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1928 በአምስተርዳም ኦሊምፒክ ከ10 ሜትር ከፍታ ወደ ውሃ እየተወረወረ 99.58 ነጥብ ሰበሰበ። ካናዳ የተወለደው አሜሪካዊው ፒት ዴስጃርዲንስ ያገኘው 98.74 ነበር። አሸናፊው ሲማይካ ነው ተባለ፤ የግብፅ መዝሙርም ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ ግን ውጤቱ ተገለበጠ። ለካስ ደንቡ የሚያየው የነጥቡን ድምር ሳይሆን እያንዳንዱ ዳኛ ማንን አንደኛ እንዳደረገ ኖሯል። ከአምስቱ ዳኞች አራቱ ደግሞ ያስቀደሙት ዴስጃርዲንስን ነው። አንድ ዳኛ ብቻውን ልዩነቱን ካሰፋው ድምሩ ወደ እሱ ሰው ያጋድላል፤ ደንቡም ይህንኑ ለመከላከል የወጣ ይመስለኛል። ስለዚህ ውሳኔው ትክክል አይደለም ብዬ አልከራከርም። የማይዋጥልኝ መዝሙር አስዘምረው ሲያበቁ ደንብ ማስታወሳቸው ነው።

ለሲማይካ ብሩ ደረሰው፤ በ3 ሜትርም ነሐስ አገኘ። ግብፅ በዚያው ኦሊምፒክ በትግልና በክብደት ማንሳት ሁለት ወርቅ ወስዳለች። ከዚያ በፊት አንድም የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አልነበራትም። (እኛ ወደ መድረኩ ብቅ ያልነው ከ28 ዓመት በኋላ በሜልቦርን ነው።)

ሲማይካ ኋላ ላይ ኑሮውን አሜሪካ አደረገ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በአሜሪካ ጦር አየር ኃይል ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1943 በፓስፊክ ግንባር ለግዳጅ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ዕድሜው 36 ነበር።