ለኢትዮጵያ ቆመው ከክፍላቸው የተባረሩት መምህር

አንባብያን ሆይ፣ በዚህ የግድግዳ ጋዜጣችን የሕይወት ታሪክ ዓምድ ላይ ብዙውን ጊዜ የምናወጣው የአርበኛ ታሪክ ነው። የዛሬው ሰው ግን የተዋጉልን በወረቀትና በአንደበት ነው። ኢትዮጵያዊም አይደሉም፤ ፈረንሳዊ ናቸው። ስማቸው ጋስቶን ዤዝ ይባላል፤ በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ፕሮፌሰር ነበሩ። በጥር 1928 ዓ.ም. ተማሪዎች ክፍላቸው ገብተው በጩኸትና በፉጨት ማስተማር ከለከሏቸው። ጥፋታቸው ምንድን ነው ቢባል፣ ለኢትዮጵያ ጠበቃ ሆነው መቆማቸው ነው። እኛ ነገ ጠመኔ ይዘን ክፍል የምንገባ ሰዎች ይህን ታሪክ ሳናውቀው መቆየታችን ስላስቆጨን እነሆ ጻፍነው። ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጅ ሲሆን እንናገራለን።

ዤዝ የተወለዱት በደቡብ ፈረንሳይ፣ ቱሉዝ በምትባል ከተማ፣ በ1861 ዓ.ም. ነው። ከወጣትነታቸው ታሪክ እኛን ያስደነቀን በፈረንጅ 1896 ያሳተሙት የጥናት መጽሐፍ ነው። ጉዳዩ አንድ መንግሥት የሌላ ሕዝብ መሬት ላይ ባንዲራ ስለተከለ ብቻ ባለቤት ሊሆን ይችላል ወይ የሚል ነው። በዚያን ጊዜ የአውሮፓ መንግሥታት በርሊን ላይ ተቀምጠው አፍሪካን እንደ ቅርጫ ሥጋ ለመከፋፈል ደንብ ካወጡ ገና አሥር ዓመት ቢሆን ነው። ከሕግ ሊቃውንቱም ብዙዎቹ የጥቁር ሕዝብ አገር ባለቤት እንደሌለው ባዶ መሬት ነው ይሉ ነበር። ወጣቱ ዤዝ ግን ሕዝብ የሚኖርበትና በራሱ አለቃ የሚተዳደር አገር ባዶ መሬት አይባልም ከሚሉት ጥቂቶች ጋር ቆሙ። ልብ በሉ፣ በፈረንጅ 1896 ማለት የዓድዋ ዓመት ነው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የታወቁት በሌላ ሙያ ነበር፤ በመንግሥት ገንዘብ አስተዳደርና በአስተዳደር ሕግ። በፈረንጅ 1903 የፋይናንስ ሕግ መጽሔት መሠረቱ፤ መጻሕፍታቸውም በብዙ አገር ተነበቡ። ይህን ሁሉ አንዘረዝርም፤ በጀት ለሚወድ ሰው ይሁን።

ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ የኢጣልያ ጦርና የኢትዮጵያ ወታደሮች ተጋጩ። ከመቶ በላይ ኢትዮጵያውያን ሞቱ። ወልወል በኦጋዴን ውስጥ ናት፤ ከድንበሩ ወደ እኛ ክልል ብዙ ገባ ያለች ቦታ ናት። ሆኖም ሙሶሊኒ ካሣና ይቅርታ ጠያቂው እሱ ሆነ! ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ነበርና አቤቱታዋን ወደ ጄኔቭ ይዛ ሄደች። በዚያ ጊዜ አገራችን አንድም ዩኒቨርሲቲ አልነበራትም። ዓለም አቀፍ ሕግና የመንግሥታትን ግንኙነት የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ መምህር ከየት ይመጣል? እንደ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያሉ ብልህና የተማሩ መልእክተኞች ነበሩን፤ በሕጉ ሙግት ግን አጠገባቸው የሚቀመጥ ሊቅ ከውጭ መፈለግ ግድ ሆነ። ለሽምግልናው ጉባኤ ኢትዮጵያ የመረጠቻቸው ሁለቱ ዳኞች መምህራን ነበሩ፤ አንዱ ፈረንሳዊው አልቤር ደ ላፕራዴል፣ ሁለተኛው በጄኔቭ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ያስተምር የነበረው አሜሪካዊው ፒትማን ፖተር። ተሟጋች ሆነው የቆሙት ደግሞ ፕሮፌሰር ዤዝ ናቸው። የአንድ አገር ነጻነት በአስተማሪዎች ደብተር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

በሰኔ መጨረሻ 1927 ዓ.ም. ጉባኤው ሆላንድ ውስጥ ሼቨኒንገን በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ተሰበሰበ። ዤዝ ተነሥተው ወልወል የማን ናት ብለው ከሥሩ ሲጀምሩ የኢጣልያው ወኪል አቋረጣቸው። የግጭቱን ነገር እንጂ የመሬቱን ባለቤት መጠየቅ አይቻልም አለ። ጉባኤው ሁለት ለሁለት ተከፍሎ ተቋረጠ። በኋላም የማኅበሩ ምክር ቤት የድንበሩ ጥያቄ እንዳይነሣ ወሰነ።

ይህ ነገር ለዚህ አካባቢ ሰው ቢነገር የሚገርመው ይመስለናል። ባንኮ ጎቲቲ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች በቡና ማሳ ወሰን ተጣልተው ደም ቢፋሰሱና ነገሩ ሶንጎ ቢደርስ፣ ሃይቻዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት ማሳው የማን እንደሆነ ነው። ማን ከማን ደጃፍ ገብቶ ተገኘ ሳይባል እንዴት ጥፋተኛ ይለያል? የአውሮፓ ሽማግሌዎች ግን ይህን ጥያቄ ከለከሉ። ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. አምስተኛው ዳኛ ግሪካዊው ፖሊቲስ ተጨምሮ ፍርድ ሲሰጥ፣ ጥፋቱ የማንም አይደለም ተባለ። ለኢትዮጵያ ይህ ግማሽ ድል ነበር፤ የኢጣልያ ክስ ወድቋልና። ጥቅሙ ግን አንድ ወር አልቆየም።

በማግስቱ የኢጣልያው መልእክተኛ ባሮን አሎይዚ ጄኔቭ ላይ ወፍራም የክስ መዝገብ አቀረበ። ኢትዮጵያ ባርነት ያለባት ያልሠለጠነች አገር ስለሆነች ከሌሎች መንግሥታት እኩል መቀመጥ አይገባትም የሚል ነው። እውነቱን እንናገር፤ በአገራችን ባርነት ነበረ፣ መሸፋፈን አያስፈልግም። ነገር ግን ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ማኅበሩ ውስጥ በአንድ ድምፅ ስትገባ ኢጣልያም አብራ ነበረች፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ የወዳጅነት ውል ተፈራርማለች። ያን ጊዜ ባርነቱ አልታያትም ነበር? ነሐሴ 30 ቀን ዤዝ ለመመለስ ሲነሡ አሎይዚ ወንበሩን ትቶ ወጣ። ዤዝ ንግግራቸውን አላቋረጡም፤ ለባዶው ወንበር ተናገሩ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ።

አሁን ደግሞ ፓሪስን እንመልከት፤ የመምህሩ መከራ ያለው እዚያ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት መሪ የነበረው ላቫል የሙሶሊኒን ወዳጅነት ይፈልግ ነበር። ጦርነቱ በተጀመረ በማግስቱ ከ60 በላይ የሚሆኑ የፈረንሳይ ደራስያንና ምሁራን ኢጣልያን የሚደግፍ መግለጫ በጋዜጣ አወጡ። እንግዲህ ዤዝ በመንግሥታቸው ዝንባሌና በብዙ የሙያ ጓደኞቻቸው ላይ ነው የቆሙት። በዩኒቨርሲቲው የቀኝ አክራሪ የተማሪ ማኅበራት፣ በተለይም አክሲዮን ፍራንሴዝ የሚባለው፣ ክፍላቸውን ይረብሹ ጀመር። ፋኩልቲው እየተዘጋ እየተከፈተ፣ ሰልፉም በየመንገዱ እየወጣ እስከ የካቲት መጨረሻ ዘለቀ። በእነዚህ ሰልፎች በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ከሚታዩት ወጣቶች አንዱ የ19 ዓመቱ ፍራንሷ ሚተራን ነው፤ ኋላ ከ1973 እስከ 1987 ዓ.ም. የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የሆነው። በእኛ ዕድሜ ነበር እኮ!

በዚያው በጥር 1928 ዓ.ም. የሲዳሞ ገዥ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው በገናሌ ዶርያ ግንባር ከግራዚያኒ ጦር ጋር ይዋጉ ነበር። የእኛ የጌዴኦ ምድር ያኔ በእሳቸው ግዛት ሥር ነበር። በእግርና በበቅሎ የዘመተው ሠራዊት አውሮፕላንና ታንክ ወርዶበት ነገሌ በጥር ወር ተያዘች። የሠራዊቱ ሰዎች ፓሪስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ስለ እነሱ ሲባል እየተፎጨበት መሆኑን መቼ ሰሙ!

ስለዚህ ታሪክ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቻችን መምህር ፖለቲካ ውስጥ ከገባ ክፍሉ መረበሹ አይቀርም፣ ያመጣው ራሱ ነው አልን። ሌሎቻችን ደግሞ የፖለቲካና የዓለም አቀፍ ግንኙነት መምህር የሚያስተምረውን ነገር ሲጠየቅ ካልመሰከረ ዕውቀቱ ለምን ይበጃል አልን። ሲያድር ግን አንድ ነገር ታየን። ጄኔቭ ላይ የሚሟገቱትና ፓሪስ ላይ የሚያስተምሩት አንድ ሰው ቢሆኑም ቦታውን ለይተውት ነበር፤ ክፍል ውስጥ ሥራቸው የመንግሥት ገንዘብ ማስተማር ነው። ፖለቲካውን ክፍሉ ውስጥ ያስገቡት ተማሪዎቹ ናቸው። ዕድሜያቸው 66 ደርሶ ሳለ ለኢትዮጵያ የያዙትን ጉዳይ ጥለው ክፍላቸውን ማዳን ይችሉ ነበር፤ አልጣሉም። እኛ ለማስተማር ልምምድ ወጥተን ሰባ ተማሪ ሲንጫጫብን ጠመኔውን አስቀምጠን ርእሰ መምህሩን ልንጠራ የሮጥን ሰዎች፣ ይህን ስናነብ ትንሽ አፍረናል።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጄኔቭ ላይ ሲናገሩ የኢጣልያ ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው ፉጨት አሰሙ። ያው የፓሪሱ ፉጨት መሆኑ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ኢትዮጵያ ብድር እንዲሰጣት ላቀረበችው ሐሳብ ድምፅ ተሰጠ፤ 23 መንግሥታት ተቃወሙ፣ 25 ድምፃቸውን አቀቡ፣ የደገፈ አንድ ብቻ ሆነ፤ እሱም የኢትዮጵያ የራሷ ድምፅ ነው።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብናቆመው ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን ያገኘነውን ከደበቅን የሕይወት ታሪክ ሳይሆን የቀብር ላይ ውዳሴ ይሆንብናል። በፈረንጅ 1940 ፈረንሳይ በናዚ ጀርመን ተሸነፈች፤ የተተካው የቪሺ መንግሥትም አይሁዶችን ከመንግሥት ሥራና ከመምህርነት የሚያግድ ሕግ አወጣ። የዤዝ የሙያ ጓደኞች የሆኑ አስተማሪዎች በዘራቸው ብቻ ከክፍል ወጡ። በፈረንጅ 1944 ዤዝ በታወቀ የሕግ መጽሔት ላይ በዚያ ሕግ መሠረት አይሁድ የሚባለው ማን እንደሆነ የሚተነትን ጽሑፍ አሳተሙ። ሕጉን አላወገዙም፤ ስለ ቀረጥ ደንብ እንደሚጽፍ ሰው ረጋ ብለው አብራሩት። ከክፍል መባረር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቁ ሰው ይህን መጻፋቸው ለእኛ አልዋጥልን አለ። በወጣትነታቸው ሰው የሚኖርበት አገር ባዶ መሬት አይባልም ያሉትም እሳቸው ናቸው። ለቦታ ጥበት ሲባል ይህ አንቀጽ ይቅር ያለ ጓደኛችን ነበር፤ የበጀቱን ወሬ አሳጥረን ለዚህ ቦታ ፈለግንለት።

ፕሮፌሰር ዤዝ የሞቱት በሐምሌ ወር 1945 ዓ.ም. ዶቪል በምትባል የፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። 84 ዓመታቸው ነበር። ጠበቃ የቆሙላት አገር ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅዋን አዲስ አበባ ላይ ከከፈተች ገና ሦስተኛ ዓመቷን መድፈኗ ነበር።