ጄፍሪ ኢንግራም ቴይለርና የሌዘር ፊውዥን የሲሜትሪ ጥያቄ

እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄፍሪ ኢንግራም ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1886 ለንደን ውስጥ ተወለደ። የእናቱ አባት የሒሳብና የሎጂክ ሊቁ ጆርጅ ቡል ነበር። ቴይለር በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ተምሮ አብዛኛውን ዕድሜውን በዚያው ከተማ በምርምር አሳለፈ። ታይታኒክ ከሰጠመች በኋላ፣ በ1913፣ የበረዶ ግግርን በምትቃኘው በስኮሺያ መርከብ ላይ የአየር ጠባይ አጥኚ ሆኖ ሠራ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመንም ስለ አውሮፕላን ሲያጠና መብረርን ራሱ ተማረ።

በ1944 እና በ1945 በሎስ አላሞስ የአቶም ቦምብ ሥራ ተካፈለ። በዚያ ከነበሩት ዋና ችግሮች አንዱ ፕሉቶኒየምን ከየአቅጣጫው እኩል አድርጎ ወደ ውስጥ ማመቅ ነበር። ሎርድ ራሌይ በ1883 ባሳተመው ጥናት፣ ከባድ ፈሳሽ በቀላል ፈሳሽ ላይ ሲያርፍ የሁለቱ ወሰን እንደማይረጋ አሳይቶ ነበር። ቴይለር ሐሳቡን አሰፋው፤ ለመናወጡ የግድ የምድር ስበት እንደማያስፈልግ፣ ቀላሉ አካል ከባዱን እየገፋ ሲያፋጥነው ያው መዘዝ እንደሚከተል አስረዳ። ጥናቱ በ1950 ታተመ። በወሰኑ ላይ ያለች ኢምንት ሸካራነት መጀመሪያ በእጥፍ ድርብ ታድጋለች፤ አጫጭር ሞገዶችም ከረጃጅሞቹ ፈጥነው ያድጋሉ።

የሌዘር ፊውዥን ፈተና እዚህ ላይ ነው። በካሊፎርኒያ በሚገኘው ብሔራዊ የማቀጣጠያ ተቋም 192 የሌዘር ጨረሮች የአንዲት ትንሽ የብረት ሲሊንደር ውስጠኛ ግድግዳ ያግላሉ፤ ከግድግዳው የሚወጣው ኤክስ ሬይ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላትን የነዳጅ እንክብል ያምቃል። የእንክብሏ ውጫዊ ገጽ ተንኖ ሲፈነዳ ቀላሉ ፕላዝማ ከባዱን ቅርፊት ይገፋል። በመጨረሻም በመሃል ያለው ትኩስ ነዳጅ ቅርፊቱን ሲገታው መናወጡ ዳግም ይነሳል። ግፊቱ ከተዛባ፣ ሊጥ ሲጨበጥ በጣቶች መካከል እንደሚሾልክ፣ እመቃው ሉላዊ ቅርፁን ያጣል፤ ሙቀቱም ይባክናል።

ስለዚህ ተመራማሪዎች የጨረሮቹን ኃይል ያመጣጥናሉ፤ የእንክብሏን ገጽ እጅግ ያለሰልሳሉ። የሌዘሩን የመጀመሪያ ምት ማጠንከርም የመናወጡን ዕድገት ይቀንሳል፤ ዋጋው ግን ነዳጁ የሚታመቅበት መጠን ማነሱ ነው።

ቴይለር በ1975 በ89 ዓመቱ ካምብሪጅ ውስጥ አረፈ። በታኅሣሥ 2022 በዚያው ተቋም 2.05 ሜጋ ጁል የሌዘር ኃይል ተሰጥቶ 3.15 ሜጋ ጁል የፊውዥን ኃይል ተገኘ። ለጦር መሣሪያ ሥራ የተመረመረው የመናወጥ ሕግ፣ ዛሬ የኃይል ምንጭ ፍለጋው ሊዘለው የማይችለው መስፈርት ሆኗል።