አስቴር ጋኖ፦ ከባርነት ወጥተው የቋንቋቸውን ሀብት የሰበሰቡ ሴት

ዓመተ ምሕረቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አስቴር የኦሮሞ ተወላጅ ሲሆኑ በልጅነታቸው ባርነት ደረሰባቸው። በ1886 በቀይ ባሕር በኩል ወደ ዓረብ አገር ሲወሰዱ ጣልያኖች መርከቡን ይዘው ነጻ አወጧቸው። ከዚያም በምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገብተው ፊደል ቆጠሩ።

በዚያው ቦታ ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይተረጉሙ ነበር። እሳቸውም በልጅነታቸው ተሸጠው ስለነበር ከአገራቸው ከወጡ ቆይተዋል፤ ለትርጉሙ የሚበቃ ቃል ያጥራቸው ነበር። አስቴር ግን ቋንቋውን አልረሱትም። ወደ 15,000 የሚጠጉ ቃላት ሰብስበው ለትርጉሙ መሠረት የሆነ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ። ዘፈን፣ ተረትና ምሳሌም ከቃል ወደ ጽሑፍ አሰፈሩ። ከኦነሲሞስ ጋር ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ በ1894 ታተመ፤ መጽሐፍ ቅዱሱም በ1899 ወጣ። በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምቴ አስተማሩ። በ1964 አረፉ።

ይሁን እንጂ መጽሐፍ ቅዱሱ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠራው የኦነሲሞስ ስም ብቻ ነው። ይህ በአስቴር ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ ከባርነት ያመለጠችው ሃሪየት ጄኮብስ የገዛ ሕይወቷን ጽፋ በ1861 አሳትማለች። መጽሐፉ በብዕር ስም ስለወጣ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ብዙዎች ሌላ ሰው የፈጠረው ልብ ወለድ ይመስላቸው ነበር።

በአገራችን ባርነት በ1942 በአዋጅ ተሽሯል። የሴት ድካም በሌላ ሰው ስም መቆጠሩ ግን በአዋጅ ብቻ አይቀርም። እዚህ መካነ ሰላምም ሆነ በቦረና ገጠር ስንቷ እናት አርማ፣ አጭዳ፣ ፈትላ ስታበቃ ገቢው በባሏ ወይም በወንድሟ ስም ይጻፋል! እኛ በማኅበራችን የእያንዳንዷን ቁጠባ በራሷ ስም በተከፈተ ደብተር የምንመዘግበው ለዚህ ነው።

እንግዲህ እኅቶች፣ ደብተራችሁን ስትቀበሉ ስማችሁ በትክክል መጻፉን አይታችሁ ፈርሙ። ፊደል ያልለየች አባል ካለች ልጇ ወይም ጎረቤቷ ታንብብላት፤ የመሠረተ ትምህርት ክፍላችንም በሩ ክፍት ነው።